ቁሌት አብስሎ ማስቀመጥ፦ ዘይቱ ይቀንስ፣ ፍሪጁ አይረሳ



እዚህ ፎገራ ሩዙ ከተሰበሰበ በኋላ በርብና በጉማራ ውሃ በመስኖ የለማው ሽንኩርት ይደርሳል። ገበያው ሲሞላ ዋጋው ይወርዳል፤ ያኔ ብዙ ሰው በርከት አድርጎ ገዝቶ ቁሌት ሠርቶ ማስቀመጥ ይፈልጋል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ሥራ ውሎ ለሚገባ ሰው፣ ለላጤውም፣ ለልጆች እናትም ትልቅ እረፍት ነው። እንደ ሐኪም የሚያሳስቡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የዘይቱ ብዛትና አቀማመጡ። በተለይ ሁለተኛውን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

✅ ሽንኩርት ለምን ቀስ ብሎ መብሰል አለበት?

አንድ ኪሎ ሽንኩርት ውስጥ ወደ 900 ግራም የሚጠጋው ውሃ ነው። ስለዚህ ድስቱ እንደተጣደ ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ይበስላል፤ በዚህ ሰዓት ዘይት ምንም አይሠራለትም። ውሃው ሲመጥ ደግሞ በውስጡ ያለው ስኳርና ፕሮቲን በሙቀት ተዋህደው ቡናማ መልክና ያንን የምንወደውን ሽታ ያመጣሉ። የወጥ ጣዕም ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከዚህ ነው። ቸኩለን እሳት ስንለቅበት ግን ውጪው ያራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ያንን ለመሸፈን ዘይት እንጨምራለን። ጊዜ ስንቆጥብ የምንከፍለው በዘይት ነው ማለት ነው።

✅ አሠራሩ (ለ2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት)

1. ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉ። ወፈር ባለ ድስት ያለ ዘይት ጣዱት፤ መካከለኛ እሳት ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል ከድናችሁ ውሃውን እንዲያወጣ አድርጉ።
2. ክዳኑን አንሱና እሳቱን ቀንሱ። እያማሰላችሁ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ አቁላሉት። መያዝ ሲጀምር ትንሽ የፈላ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ቡናማ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ከጠቆረና ከመረረ ግን አርሯል።
3. አሁን 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። የሀገራችን የኑግ ዘይት ጥሩ ምርጫ ነው፤ የሚረጋውን ዘይት ብትተዉት ለልባችሁ ይሻላል።
4. የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከዚያ በርበሬ ጨምሩ። በርበሬው እንዳያር በትንሽ በትንሹ ውሃ እያደረጋችሁ ሌላ 20 ደቂቃ አብስሉት።
5. ጨው አታድርጉበት። ጨው የሚገባው ወጡ በሚሠራበት ቀን፣ ለዚያ ቀን በሚበቃው ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

✅ የዘይቱ ሒሳብ

4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት 500 ካሎሪ ገደማ አለው። ቁሌቱ ለ8 ሰው ቢካፈል ለአንድ ሰው 60 ካሎሪ አካባቢ ይደርሰዋል። ሩብ ሊትር ዘይት ቢገባበት ግን ድርሻው ከ250 ካሎሪ በላይ ይሆናል፤ ይሄ ገና እንጀራውም ሥጋውም ሳይቆጠር ነው። «ዶክተር፣ ዘይት ቀንስ ትለኛለህ፣ ወጡ ታዲያ ምን ሊጥም ነው?» ለምትሉኝ መልሴ ይኸው፦ ዘይቱን ሳይሆን ማቁላያውን ሰዓት ጨምሩ።

⚠️ አሁን ወደ ዋናው ነገር

ቁሌቱን ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ፣ ላዩ ላይ ዘይት አንሳፍፎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አለ። «ዘይት ስለሸፈነው አይበላሽም» ይባላል። ይሄ አደገኛ ነው። ዘይት አየር ይከለክላል እንጂ ጀርም አይገድልም። አየር ሲጠፋ ደግሞ የሚመቸው ባክቴሪያ አለ፤ ስሙ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ይባላል።

ይሄ ባክቴሪያ የሚኖረው አፈር ውስጥ ነው፤ ሽንኩርትም ከአፈር ነው የሚወጣው። ዘር መሳይ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ድስት ውስጥ መፍላት አይገድለውም። ቁሌቱ አየር በሌለበትና ሙቀት ባለበት ቦታ ሲቆይ ይነቃና መርዝ ያመርታል። መርዙ ነርቭን ያሽመደምዳል። ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ስለሚችል «ቀምሼ ልየው» አይሠራም፤ ትንሽ መቅመስ ራሱ ሊመርዝ ይችላል።

ተረት አይደለም። በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ ፒዮሪያ ከተማ 28 ሰዎች በዚህ በሽታ ሆስፒታል ገብተዋል። ምንጩ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ በማርጋሪን ተጠብሶ ሳይቀዘቅዝ የዋለ ሽንኩርት ነበር።

«ህንዶች ግን የሽንኩርት ማባያ ያስቀምጡ የለ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ደቡብ ህንድ ውስጥ ቶኩ የሚባል በዝግታ የሚበስል የሽንኩርት ማባያ አለ። እነሱ ግን ሁመር (ሮቃ) የሚባለውን ኮምጣጣ ፍሬ ይጨምሩበታል፤ ባክቴሪያው ደግሞ በጣም ኮምጣጣ ነገር ውስጥ አይራባም። የእኛ ቁሌት ኮምጣጣ የለውም። ቶኩም ቢሆን ቤት ውስጥ ሲሠራ ኮምጣጣነቱ ስለማይለካ ፍሪጅ ይሻለዋል።

✅ ታዲያ እንዴት እናስቀምጠው?

• ከእሳት እንደወረደ ሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጋችሁ አቀዝቅዙት። በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት።
• ለአንድ ጊዜ ወጥ በሚበቃ መጠን በትናንሽ ዕቃ ከፋፍሉት፤ ቀኑን ጻፉበት።
• ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ እስከ 3 ወር።
• ከፍሪዘር የወጣውን ፍሪጅ ውስጥ አቅልጡት ወይም በቀጥታ ድስት ውስጥ ክተቱት፤ ደህና አድርጎ ይፍላ።
• መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ። ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ደግሞ 48 ሰዓት ገደማ። ቁሌቱ ሙቀት ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ጣሉት። ሽንኩርቱ ቢያሳዝንም ጤናችሁ ይበልጣል።

ፍሪጅ ከሌላችሁ ለዕለቱ ብቻ ሥሩ፤ ጥሬ ሽንኩርት ራሱ ደረቅና ነፋሻማ ቦታ ላይ ለሳምንታት ይቆያል። ወንዛዬ ፍል ውሃ ለሚሰነብት ዘመድም ቁሌት በጠርሙስ አትስነቁለት። በሶ፣ ድርቆሽ፣ የሽሮ ዱቄትና ጥቂት ጥሬ ሽንኩርት ስነቁለት፤ እዚያው ትኩሱን ይሠራል።

🚨 እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ

አብዛኛውን ጊዜ ከበሉ ከ12 እስከ 36 ሰዓት በኋላ ይጀምራሉ፤ ቀናት ሊቆዩም ይችላሉ፦

• የዓይን ቆብ መውደቅ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት
• የአፍ መድረቅ፣ የምላስ መተሳሰር፣ ለመዋጥ መቸገር
• ከፊትና ከአንገት ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ድካም

ትኩሳት ላይኖር ይችላል፤ ሰውየውም አእምሮው ንቁ ነው። «ድካም ነው፣ ይተኛ» አትበሉ። ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት፤ ምን እንደበላም ለሐኪሙ ንገሩ።

✅ ሁለት ማሳሰቢያ ለታካሚዎች

ሆዳችሁን የሚነፋችሁና ቃር የሚያስቸግራችሁ ሰዎች ሽንኩርት ቢበስልም ሊያባብስባችሁ ስለሚችል መጠኑን ቀንሱ። የደም ግፊት ያለባችሁ ደግሞ «ሽንኩርት ግፊት ያወርዳል» ብላችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ። ሽንኩርት ምግብ ነው፤ የመድኃኒት ቦታ አይተካም።

ቤታችሁ ዘይት ያንሳፈፈ የቁሌት ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ካለ ዛሬውኑ አስወግዱት። ለእናቶቻችሁና ብቻቸውን ለሚኖሩ ጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ።

መልካም ጤና!