ደካማው ትስስር እንዴት ይመርጣል? የእንስሳት ሌክቲኖች ስኳርን የሚለዩበት መንገድ

ሌክቲኖች የተወሰኑ ስኳሮችን ለይተው የሚይዙ፣ ነገር ግን የያዙትን ስኳር ኬሚካዊ ይዘት የማይለውጡ ፕሮቲኖች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በደም ውስጥ የሚገኘው ማኖስ ያዥ ሌክቲን ሲሆን፣ ከባክቴሪያና ከፈንገስ ገጽ ጋር በመጣበቅ የኮምፕሊመንት ሥርዓትን ያስነሣል። ይሁን እንጂ ማኖስ በራሳችን ግላይኮፕሮቲኖች ውስጥም ይገኛል። ታዲያ ፕሮቲኑ ባዕዱን ከራሱ አካል የሚለየው በምን ነው? ይህ አጭር ጽሑፍ መልሱን በሁለት ደረጃ ይመረምራል።

የመጀመሪያው ደረጃ አንዱ የማሰሪያ ስፍራ ነው። በ1992 ዌይስ፣ ድሪከመርና ሄንድሪክሰን በኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ እንዳሳዩት፣ የማኖስ 3ኛና 4ኛ ካርቦን ሃይድሮክሲሎች ከአንድ የካልሲየም አዮን ጋር በቀጥታ ይተሳሰራሉ። ካልሲየሙን የያዙት አሚኖ አሲዶችም ለእነዚሁ ሃይድሮክሲሎች የሃይድሮጅን ትስስር ይሰጣሉ። በጋላክቶስ የ4ኛው ካርቦን ሃይድሮክሲል አቅጣጫ የተለየ በመሆኑ ስኳሩ በስፍራው አይገጥምም። በዚያው ዓመት ድሪከመር የፕሮቲኑን ግሉታሚክ አሲድ በግሉታሚን፣ አስፓራጂኑን ደግሞ በአስፓርቲክ አሲድ ሲተካ፣ ምርጫው ከማኖስ ወደ ጋላክቶስ ዞረ። ምርጫው በሁለት አሚኖ አሲዶች መለወጥ መቻሉ የስፍራው አሠራር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ ይህ ስፍራ ብቻውን ጥያቄያችንን አይመልስም። በውጫዊ ገጽ ላይ ያለ ጥልቀት የሌለው ስፍራ በመሆኑ፣ ነጠላ ስኳርን የሚይዘው በሚሊሞላር ደረጃ ነው። ግሉኮስንና ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚንንም ይቀበላል፤ የእኛን ማኖስ ከባክቴሪያው ማኖስ የሚለይበት መንገድም የለውም።

ሁለተኛው ደረጃ የስፍራዎቹ አደረጃጀት ነው። ሦስት የፕሮቲን ሰንሰለቶች ተጣምረው አንድ አሃድ ይፈጥራሉ፤ አሃዶቹም ተያይዘው ትልቅ ውሕድ ይሆናሉ። በአንድ አሃድ ውስጥ ያሉት ሦስት ስፍራዎች እርስ በርስ የሚራራቁት በሰው 4.5 ናኖሜትር፣ በአይጥ 5.3 ናኖሜትር ያህል ነው። የአጥቢ እንስሳት አንድ የማኖስ ሰንሰለት በቅርንጫፎቹ ሁለት ስፍራዎችን በአንድ ጊዜ ሊደርስ አይችልም። በአንጻሩ በባክቴሪያና በፈንገስ ገጽ ላይ ስኳሮች እየተደጋገሙ ሰፊ ቦታ ስለሚሸፍኑ፣ ብዙ ስፍራዎች በአንድ ጊዜ ይያያዛሉ፤ ደካማ የነበረው ትስስርም በድምሩ ይጠነክራል። እዚህ ላይ የነጠላው ትስስር ደካማነት ጉድለት ሳይሆን የጥበቃ መንገድ ነው፤ አንዱ ስፍራ ብቻውን ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ፕሮቲኑ በራሱ አካል ስኳሮች ላይ ተጣብቆ በቀረ ነበር።

ይህ ለምርምር ዘዴ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። የሌክቲንን ተግባር በነጠላ ስኳር በተለካ የትስስር ጥንካሬ ብቻ የሚገምት ተመራማሪ፣ ዋናውን ነገር ሊስት ይችላል። ፕሮቲኑ በሙከራው ወቅት ተፈጥሯዊ ስብስቡን መጠበቁ፣ ስኳሩም በገጽ ላይ ያለው ጥግግትና ርቀት መመዝገቡ አስፈላጊ ነው። ስለዚህ በእንስሳት ሌክቲኖች ጥናት «የትኛውን ስኳር ይይዛል?» የሚለው ጥያቄ «በምን ያህል ርቀት የተደረደረውን?» ከሚለው ጋር አብሮ ሊጠየቅ ይገባል።