በክረምት ወንዝ ዳር ስለ መታገሥ

አንባቢ ሆይ፤ ከደባርቅ ተነሥተህ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ስትወርድ በአንድ ቀን ሁለት አገር ታያለህ። ከላይ ጉምና ብርድ ነው፤ በስሜን ተራራ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውሃ ይረጋል፥ በክረምትም በረዶ ይወርዳል። ከታች ዛሪማ ቆላ ነው፤ ሙቀቱም የላዩን ብርድ ያስረሳል። ወንዙ ግን አይረሳም። ከስሜን ወርዶ ወደ ተከዜ ሲሄድ በተራራው ላይ የጣለውን ሁሉ ይዞ ይመጣልና፥ በራስህ ላይ ፀሐይ ሳለ በድንገት ይሞላል። ውሃው ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ መያዝ ከጀመረ፥ ድምፁም ከተለወጠ፥ ጫማህን አታውልቅ፤ ከዳሩ ፈቀቅ በል። ከጉልበት በላይ የሚፈስ ፈጣን ውሃ ጎልማሳውን ሰው ይጥላል። አባቶቻችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት በከንቱ አይደለም።

ውሃ ሰውን ለመግደል በረዶ መሆን አያስፈልገውም። የሰው ገላ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ያህል ነው፤ ውሃም ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይህን ሙቀት ይወስዳል። እጅግ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ሳይወድ ትንፋሹን ይስባል፤ ያን ጊዜ አፉ ከውሃ በታች ከሆነ ይሰጥማል። ከዚህ ቢያመልጥ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እጁና እግሩ አይታዘዙለትም፥ ዋና ማወቁም አይረዳውም። የግሪንላንድ ሰዎች ካያክ የሚሉትን ጠባብ ጀልባ በባሕር እንስሳ ቁርበት ሲሠሩ፥ ውሃ እንዳይገባባቸው ልብሳቸውን ከጀልባው አፍ ጋር ያጣብቁ ነበር። (የጣናው የደንገል ታንኳ ለዚህ አይሆንም፤ ውሃ ይጠጣልና ከየጉዞው በኋላ በፀሐይ ይደርቃል።) እንግዲህ በብርድ ባሕር የሚኖሩት እንዲህ ከተጠነቀቁ፥ በአንድ ነጠላ ወደ ሙላት የሚገባው ሰው ምን ተማምኖ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1968 በክረምት ወራት ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚባል የእንግሊዝ መኰንን የመራው ጓድ በጀልባ ዓባይን ወረደ። በዚያ ጉዞ ኢያን ማክላውድ የሚባለው ወታደር የሞተው በትልቁ ወንዝ ፏፏቴ አይደለም፤ ገባሩን ወንዝ ገመድ ታጥቆ ሊሻገር ሲዋኝ ነው። ጓደኛው ሊያድነው ዘልሎ ገባ፥ ነገር ግን ውሃው ወሰደው። ገመድ በወገብ ማሰር ደኅንነት ይመስላል፤ ዳሩ ግን ገመዱ ሰውየውን ሲይዝ ፈጣኑ ውሃ ይጫነውና ወደ ታች ያሰጥመዋል። ሰው በሙላት ተይዞ ብታይ ገመዱን ከዳር ሆነህ ወርውርለት፥ እርሱም በእጁ ይያዘው እንጂ አይታሰርበት።

በወንዝ ዳር የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ «ፈሪ» የሚል። ይህን ቃል የሚናገረው ብዙ ጊዜ ከማይገባው ወገን ነው። ዱሮ ጌታው በበቅሎ ተቀምጦ አሽከሩን መልካ እንዲፈልግለት አስቀድሞ ወደ ውሃ ይሰድድ ነበር፤ ዛሬም ለጥቂት ገንዘብ የመንደር ልጅ የሚያስገባ መንገደኛ አይጠፋም። ይህ በእኔ ግምት ከትዕቢት ይከፋል፤ በሌላ ሰው ነፍስ መድፈር ነውና። ጌታችን ራሱን ከመቅደስ ጫፍ እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ እንቢ አለ፤ ማን ፈሪ ይለዋል? ጳውሎስም የክረምቱ መግቢያ ነው፥ አንሂድ ብሎ መከረ። የመርከቡ ጌታና መሪው ግን በለጡበትና መርከቡ ተሰበረ፤ 276ቱ ነፍስ በጭንቅ ወደ ምድር ወጡ። የመላጥያ ሰዎች ስለ ዝናቡና ስለ ብርዱ እሳት አንድደው ተቀበሏቸው፤ ማን እንደ ሆናችሁ ንገሩን ብለው አላስቀደሙም።

አንተም እንዲሁ አድርግ። ከውሃ የወጣውን ሰው ከነፋስ አርቀህ የራሰ ልብሱን አውልቅለት፥ አድርቀህም በደረቅ ጋቢ ጠቅልለው፤ ራሱንም ሸፍንለት። እጅና እግሩን አትሸው። አረቄ አትስጠው፤ ለጊዜው ያሞቀው ይመስላል እንጂ ደሙን ወደ ቆዳው አውጥቶ የቀረውን ሙቀት ያባክንበታል። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር ያለበት ትኩስ ሻይ ይሻለዋል። ንግግሩ ቢኮላተፍ፥ ወይም ገና ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ቢተው፥ ተሻለው ብለህ አትተኛ፤ እንደ ጋደመ ቀስ ብለህ አሸክመህ ወደ ሐኪም ቤት አድርሰው።