ልጁ ከቤት ሲወጣ

የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ 5 ዓመት ሲሆነው ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በጎለመሰ ጊዜ ንጉሥ ዳዊት ከሎዶባር አስመጥቶ ከማዕዱ አስቀመጠው፤ ርስቱንም መልሶ፥ ሲባ ከ15 ልጆቹና ከ20 አገልጋዮቹ ጋር እንዲያርስለት አዘዘ። ስለ ማዕዱ ብዙ ሰብከናል፤ ስለ እርሻው ግን እምብዛም አልተናገርንም።

ከአንዱ ኑሮ ወደ ሌላው የሚሻገር የአካል ጉዳተኛ ልጅም እንዲህ ያለ መሰናዶ ይሻል። ስለዚህ ዓይነ ስውር ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፥ ትምህርት ከመጀመሩ አስቀድሞ መንገዱን ደጋግማችሁ አብራችሁት ሂዱ፤ ደጁንና ደረጃውን በእጁ ዳስሶ ይወቅ። ብሬል ስለ መማሩም ከመምህሩ ጋር ተነጋገሩ። ቅኔ ቤት ቢገባ በቃል የሚሰጠው ትምህርት ይስማማዋል፤ ዳሩ ግን መንገድ የሚመራው ባልንጀራ አስቀድሞ ይፈለግለት። የነፍስ አባትም ቤት ሲጎበኝ፥ በጓዳ የቀረ ልጅ እንዳለ ይጠይቅ።