ቀድሞ የደረሰ ማንን ይጠብቃል?

የጥናት ክፍል፦ ፊልጵስዩስ 2፥1-4



የጎሮ ወጣቶቻችን የሩጫ ወሬ ሲነሣ ጆሮአቸው ይቆማል፤ የደራርቱ ቱሉ አገር በቆጂ ከጎረቤታችን ከአርሲ ናትና። ጥናቱን ከእርስዋ እንጀምር።

ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዪቱ ሆነች። እኔ ግን ይበልጥ የማስበው ከመጨረሻው መስመር ወዲያ ያደረገችውን ነው። ሁለተኛ የወጣችውን ኤላና ሜየርን ቆማ ጠበቀቻት። ሜየር ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ናት፤ አገርዋ በዘር መድልዎ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ከኦሎምፒክ ታግዳ የተመለሰችው ገና በዚያ ዓመት ነበር። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።

በ2002 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶንም እንግሊዛዊቱ ፓውላ ራድክሊፍ ወደ ኋላ ስትቀር ደራርቱ አበረታታቻት። ያን ቀን ያሸነፈችው ራስዋ ደራርቱ ናት።

ሐዋርያው ጳውሎስም ሩጫንና ሽልማትን አይንቅም (1ኛ ቆሮንቶስ 9፥24)። ሆኖም በዛሬው ክፍላችን እያንዳንዱ ለባልንጀራው የሚጠቅመውንም እንዲመለከት ይለምናል።

እኛስ የወጣት መሪ ስንመርጥ ማንን እናያለን? እኔ ብዙ ጊዜ ፈጣኑንና አንደበተ ርቱዑን መርጫለሁ። በእርከን ሥራ ድርሻውን አስቀድሞ ጨርሶ ወደ ቤቱ የሄደውን «ጎበዝ» ብዬ መዘገብሁ፤ አካፋውን ይዞ ወደ ደከመው ጓደኛው የተመለሰውን ግን ስሙን እንኳ አልጠየቅሁም።

ለውይይት፦ በማኅበራችሁ ሥራውን ጨርሶ ለሌላው የሚመለስ ማን ነው? ስሙን ጽፋችሁ ለሚቀጥለው የኮሚቴ ምርጫ አቅርቡ።