የድብርት መድኃኒት፦ ከጤና ጣቢያ ወይስ ከአእምሮ ሐኪም?

ኮቪድ-19 በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ የሥራ ማጣት፣ በወጉ ያልተለቀሰ ሐዘንና ከሰው ተለይቶ መቀመጥ ብዙዎችን አስጨንቋል። ሐዘን ሁሉ ሕመም አይደለም። ሆኖም የመከፋት ስሜት ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣት ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ የዕለት ሥራም ከተስተጓጎለ ምርመራ ያሻል።

በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ቤተሰብ ታማሚውን በቀጥታ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ለመውሰድ ይነሣል፤ ሌላው የሰው አፍ ፈርቶ ቤት ያስቀምጠዋል። አብዛኛው የድብርት ሕመም ግን በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ፣ በሠለጠነ ጤና መኮንን፣ ነርስ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ሊታከም ይችላል። እንዲያውም ጤና ጣቢያው የሚሻልበት ጊዜ አለ፦ ድብርት የሚመስሉትን የደም ማነስንና የእንቅርት ዕጢ መዛባትን ለመለየት ምርመራውን ይጀምራል፤ በተጨናነቀ አውቶቡስ ረጅም መንገድ መጓዝንም ያስቀራል። ሕመሙ ቀላል ከሆነ የምክር አገልግሎት ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ፍሉኦክሴቲን፣ አሚትሪፕቲሊንና መሰሎቻቸው እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አያሽሉም። ለውጡ በደንብ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ የአፍ መድረቅና ማቅለሽለሽ ግን ቀድመው ይመጣሉ። ብዙ ታካሚዎች መድኃኒቱን የሚያቋርጡት በዚሁ ክፍተት ነው። ሱስ አያስይዝም፤ ቢሆንም በድንገት አይቋረጥም። ከተሻለ በኋላም ባለሙያው እስከወሰነው ጊዜ ድረስ ለወራት ይቀጥላል። ጸበል የሚጠመቅ ታካሚም መድኃኒቱን መተው የለበትም።

የአእምሮ ሐኪም የሚያስፈልገው ታካሚው ከዚህ ቀደም ያለ ልክ የመፈንደቅ፣ ሳይተኙም ያለመድከም ጊዜ ካሳለፈ ነው፤ እንዲህ ላለው ሰው የድብርት መድኃኒት ብቻውን ሕመሙን ወደ ሌላ ጽንፍ ሊገፋው ይችላል። ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ የሚሰማ፣ ወይም መድኃኒቱን በተገቢው መጠንና ጊዜ ወስዶ ያልተሻለው ሰውም ሪፈር ሊጻፍለት ይገባል። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የባለሙያው ምክር ሳይዘገይ ቢጠየቅ ይመረጣል።

ራሱን ስለማጥፋት የሚናገር ሰው ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ብቻውን ሳይተው ወደ ቅርቡ የድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተወሰደ ልብን ስለሚጎዳ፣ መድኃኒቱን ቤተሰብ ይዞ በየዕለቱ ይስጠው።

በአእምሮ ሐኪም የታየ ታካሚም ሁኔታው ሲረጋጋ፣ ሐኪሙ በሚጽፍለት ወረቀት ክትትሉን በሰፈሩ ጤና ጣቢያ መቀጠል ይችላል።