ዓለም ያለ አስገኚ ሊኖር ይችላልን?

  

ወንድሞች ሆይ፥ በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ነገር ሰማይና ምድር፥ በመካከላቸውም ያለው ፍጥረት ሁሉ፥ የመጀመሪያ አስገኚ የሚያስፈልገው እንደሆነ፥ ወይም አምላክ የለም ባዮች እንደሚሉት ዓለም ማንንም ሳይሻ እንዲያው ያለ ነገር እንደሆነ ነው። ይህ ክርክር ቀድሞ በመድረሳ ግቢ፥ በዑለማእና በፈላስፎች መካከል ብቻ ይነገር ነበር። ዛሬ ግን ከመድረሳ ወጥቶ በየቤቱ ገብቷል። ነጋዴው በሐላል ጥሪቱ ልጁን ወደ ትልቅ ትምህርት ቤት ይልካል፤ ልጁም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ በእራት ገበታ ላይ፥ «አባቴ፥ ሁሉን የፈጠረ አላህ ነው ይሉናል፤ አላህንስ ማን ፈጠረው?» ብሎ ይጠይቃል። አባትም ደንግጦ፥ «አስተግፊሩላህ! ዝም በል!» ይለዋል። ልጁ ዝም ይላል፤ ነገር ግን ዝም ያለ ሁሉ አምኖ ዝም አላለም። የተቃጠለ ዕቃ በሌላ ዕቃ ይተካል፤ በገዛ ቤቱ ውስጥ ኢማኑን ያጣ ልጅ ግን በምን ይተካል? ስለዚህ አባት የሆነ ሰው፥ ሊቅ እንኳ ባይሆን፥ የነገሩን ሥር ሊያውቅ ይገባዋል።

ጁበይር ኢብኑ ሙጥዒም የተባሉት የቁረይሽ ሰው፥ ገና ሳይሰልሙ፥ ስለ በድር ምርኮኞች ጉዳይ ወደ መዲና መጥተው ነበር። የበድር ውጊያ የሆነው በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ624 ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመግሪብ ሰላት ሱረቱ ጡርን ሲቀሩ ሰሙ። የዚህ ሱራ 35ኛውና 36ኛው አንቀጽ የሚክደውን ሰው በጥያቄ ከብበው ይይዙታል። የጥያቄውም ሐሳብ፥ ሰው ያለ አንዳች አስገኚ የተገኘ እንደሆነ፥ ወይም ራሱን የፈጠረ እንደሆነ፥ ወይም ሰማይንና ምድርን የሠራ እርሱ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ሦስቱም በሮች ከተዘጉ የሚቀረው አንድ በር ነው። ራሱን ፈጠረ የሚለው ቃል ራሱን ያፈርሳልና፤ ለመሥራት አስቀድሞ መኖር ያሻል፥ ስለዚህ ከመኖሩ በፊት ኖረ ማለት ይሆናል። ጁበይር ኋላ ሰልመው ይህን ነገር በተረኩ ጊዜ፥ ያን አንቀጽ ሲሰሙ ልባቸው ሊበር ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበር መስክረዋል፤ ቡኻሪም ዘግበውታል። ልብ በሉ፤ ጁበይር ፈላስፋ አልነበሩም። ቁረይሾች የንግድ ሰዎች ነበሩ፤ የንግድ ሰውም ሒሳቡ የማይገጥምበትን ቦታ ፈጥኖ ያያል።

ኢብኑ ሲና፥ በ428 ዓመተ ሂጅራ (1037) በሐመዳን የሞቱት ሐኪምና ፈላስፋ፥ ነገሩን በሌላ መንገድ ያዙት። በእርሳቸው አከፋፈል ያለ ነገር ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ሊኖርም ላይኖርም የሚቻል ነው፤ ይህ ሙምኪን ይባላል። ሁለተኛው አለመኖሩ ጨርሶ የማይቻል፥ መኖሩ ከራሱ የሆነ ነው፤ ይህም ዋጂብ ይባላል። ሙምኪን የሆነው ነገር መኖርና አለመኖር ለእርሱ እኩል ስለሆኑ፥ ሚዛኑን ወደ መኖር የሚያዘነብልለት ሌላ ያስፈልገዋል።

ይህን ለነጋዴ ማስረዳት ለሌላ ሰው ከማስረዳት ይቀላል። አንድ ሰው መቶ ዲናር ብድር ፈልጎ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ሄደ እንበል። ጎረቤቱ፥ «በእጄ የለኝም፤ ከወዲያኛው ባለ ሱቅ ተበድሬ እሰጥሃለሁ» አለው። ወዲያኛውም እንዲሁ አለ፤ ከእርሱም ቀጥሎ ያለው እንዲሁ አለ። እንግዲህ ገበያው አንድ ሺህ ሱቅ ቢኖረው፥ እንዲያውም ቁጥር የሌለው ሱቅ ቢኖረው፥ ሁሉም ተበድሮ ሰጪ ከሆነ ያ መቶ ዲናር ከየት ይመጣል? የሱቁ መብዛት ዲናርን አይወልድም። ነገር ግን ዲናሩ በሰውዬው እጅ ገብቶ ካየነው፥ ከማንም ሳይበደር ከገዛ ጥሪቱ የሰጠ አንድ ሰው እንዳለ ያለ ምስክር እናውቃለን። የእኛም መኖር እንዲሁ የብድር መኖር ነው። ልጅ ከአባቱ፥ አዝመራው ከዝናብ፥ ዝናቡም ከባሕርና ከፀሐይ ሙቀት ይቀበላል፤ ፀሐይም ራስዋ አልፋ የምትጠፋ ናት። ዑለማእ ይህን መጨረሻ የሌለውን መያያዝ ተሰልሱል ይሉታል፤ ከንቱ መሆኑንም ያሳያሉ። ይህ ማስረጃ ዓለም መጀመሪያ ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለውን ክርክር እንደማይሻ አስተውሉ። ብድሩ ከጥንት ጀምሮ ሲተላለፍ ኖረ ብንል እንኳ ባለ ጥሪቱ ሳይኖር አይሆንም።

አምላክ የለም የሚሉትና እናውቅ ዘንድ አይቻለንም የሚሉት ሰዎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውንም ሳያጎድሉ መናገር የፍትሕ ሥራ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 28 ቀን 1948 ዓመት፥ ፍሬድሪክ ኮፕልስተን የተባለው የካቶሊክ ቄስና እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል በለንደን ራዲዮ፥ በቢ.ቢ.ሲ.፥ በዚሁ ነገር ላይ ተከራከሩ። ቄሱ የተመረኮዘበት ማስረጃ በመሠረቱ ኢብኑ ሲና ያቀኑት መንገድ ነው፤ የላቲን ሊቃውንት ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የእርሳቸውን መጻሕፍት አስተርጉመው አንብበዋልና። (ባለቤቶቹ የረሳነውን ጥሪት ሌላው ሲነግድበት ማየት የሚያሳዝን ነው።) ራስልም፥ እያንዳንዱ ሰው እናት አለው፥ የሰው ዘር በጠቅላላው ግን እናት አለው አይባልም፤ እንደዚሁም እያንዳንዱ ነገር ምክንያት ቢኖረው ጠቅላላው ዓለም ምክንያት አለው ማለት አይደለም፥ ዓለም እንዲሁ ያለ ነው ብሎ ተከራከረ።

ራስል ሞኝ አልነበረም፤ የክርክሩም ግማሽ እውነት ነው። ከክፍል ተነሥቶ ስለ ጠቅላላው መፍረድ ሁልጊዜ አይገባም። የቡና ፍሬ እያንዳንዱ ቀላል ነው ተብሎ ጆንያው ቀላል ነው አይባልም። ነገር ግን የምንጣፉ ክር ሁሉ ቀይ ከሆነ ምንጣፉ ቀይ ነው። እንግዲህ ጥገኛ መሆን ከሁለቱ እንደ የትኛው ነው? እንደ ጆንያው ክብደት ነው ወይስ እንደ ምንጣፉ ቀለም? ተበዳሪን በተበዳሪ ላይ ስትደምር ባለ ጥሪት አይወጣልህም፤ ድምሩም ተበዳሪ ነው። ስለ ሁለተኛው ቃሉ፥ ዓለም እንዲሁ አለ ስላለው ደግሞ፥ ከሣጥንህ ውስጥ ያልታወቀ ሺህ ዲናር ቢገኝና ጸሐፊህ «እንዲሁ አለ» ቢልህ መዝገቡን ትዘጋለህን? ራስል ግን የፊዚክ ሊቃውንት ምክንያትን መፈለጋቸው በሁሉ ስፍራ ምክንያት መኖሩን አያረጋግጥም ብሎ ነበር፤ ሁለቱም በዚህ ላይ ተለያዩ። ሰው መጠየቁን ሊያቆም ይችላል፤ የሚያስገድደው የለም። ያቆመበትን ስፍራ ግን እንደ ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርብ አይገባውም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ብዙ አማኞች በዚህ ክርክር የሚረቱት በጠላት ብርታት አይደለም፥ በገዛ አነጋገራቸው ጉድለት ነው። «ያለ ነገር ሁሉ ፈጣሪ አለው» ይላሉ፤ ተከራካሪውም ወዲያው፥ «እንግዲያው አላህም ካለ ፈጣሪ ሊኖረው ነው» ብሎ በቃላቸው ያስራቸዋል። የኛ ዑለማእ ግን እንዲህ አላሉም። ያሉት፥ ሳይኖር ኖሮ የተገኘ ነገር ሁሉ፥ መኖሩም ከራሱ ያልሆነ ሁሉ፥ አስገኚ ያሻዋል ነው። መጀመሪያ የሌለውንና መኖሩ ከራሱ የሆነውን «ማን ፈጠረህ?» ማለት፥ ሳይበደር የሰጠውን ባለ ጥሪት «ከማን ተበደርህ?» እንደ ማለት ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አስቀድመው ተናግረዋል፤ ሸይጧን ለሰው ይህን ማን ፈጠረ፥ ያንን ማን ፈጠረ እያለ ጌታህን ማን ፈጠረው እስከ ማለት እንደሚደርስ፥ እዚያ የደረሰም ሰው በአላህ ተጠብቆ መቆም እንደሚገባው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሐዲስ ጥያቄን ማፈን አድርጎ ያየዋል። አይደለም፤ ሰንሰለቱ የት እንደሚቆም ማመልከት ነው እንጂ።

ኢማም አቡ ሐሚድ አልገዛሊ፥ በ450 ዓመተ ሂጅራ (1058) በጡስ የተወለዱት፥ በባግዳድ በኒዛሚያ መድረሳ ሲያስተምሩ ተሃፉት አልፈላሲፋ የተባለውን መጽሐፍ በሃያ ጉዳዮች ከፍለው ጻፉ። የመጀመሪያውም ጉዳይ ዓለም መጀመሪያ የለውም የሚሉትን ፈላስፎች መርታት ነው። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ ይህ ነው። ፀሐይ ዙሯን በአንድ ዓመት ትፈጽማለች፤ ዙሐል የተባለው ኮከብ ግን በሠላሳ ዓመት ይፈጽማል። (በዛሬው ቁጥር 29 ዓመት ተኩል ያህል ነው፤ የምትዞረውም ምድር ናት፤ ነገሩን ግን አይለውጠውም።) ዓለም መጀመሪያ ከሌለው የሁለቱም ዙር ቁጥር የለውም፤ ታዲያ አንዱ የሌላውን ሠላሳ እጥፍ ሲሆን እንዴት እኩል ቁጥር የሌላቸው ይሆናሉ? ደግሞስ ያለፈው ዙር ሁሉ ጎዶሎ ነው ወይስ ሙሉ?

ኢብኑ ሩሽድ፥ በ595 ዓመተ ሂጅራ (1198) በመራኪሽ የሞቱት የቁርጡባ ቃዲ፥ ተሃፉት አልተሃፉት በተባለው መጽሐፋቸው መልስ ሰጡበት። በመንገዱ ተለያዩ እንጂ ሁለቱም አማኞች መሆናቸውን አንርሳ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ጌኦርግ ካንቶር (1845–1918) የተባለው የሒሳብ ሊቅ፥ መጨረሻ የሌለው ቁጥር ከክፍሉ ጋር አንድ ለአንድ ሊገጥም እንደሚችል፥ በዚህም በሒሳብ መፋለስ እንደሌለ አሳየ። የገዛሊን ሐሳብ የሚደግፉ ሰዎች፥ በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ሌላ፥ በእውን ያለፈ ዘመን ሌላ ነው ይላሉ። ይህም ደካማ መልስ አይደለም። ቢሆንም በእኔ አስተያየት የቤቱን ምሰሶ ሁሉ በዚህ ማስረጃ ላይ ማቆም ጥበብ አይደለም፤ የብድሩ ማስረጃ ከዚህ የጸና ነው።

ስለ ከዋክብት ሊቃውንት ሥራም ብዙ አንናገርም። ዦርዥ ለሜትር የተባለው የቤልጅግ ቄስ በ1927 ዓለም እየሰፋ መሄዱን በሒሳብ አሳየ፤ በ1931ም ከአንድ ጅምር እንደተነሣ ተናገረ። ፍሬድ ሆይልና ጓደኞቹ በ1948 ዓለም መጀመሪያ የለውም የሚል ሌላ አሳብ አቅርበው ነበር፤ ነገር ግን ፔንዚያስና ዊልሰን በ1964 በአሜሪካ ከሰማይ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ደካማ ጨረር ካገኙ በኋላ ያ አሳብ ወደቀ። ዛሬ ከዚያ ጅምር እስከ አሁን ያለው ዘመን 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይገመታል። በ1951 የሮማው ጳጳስ ይህን እንደ ሃይማኖት ማስረጃ በአደባባይ ባወደሱ ጊዜ ለሜትር ራሱ አልወደደውም፤ የሳይንስ አሳብ ነገ ሊታረም ይችላልና። በዚህ ለሜትር ልክ ነበረ። እንደዚሁም ሎረንስ ክራውስ የተባለው የፊዚክ ሊቅ በ2012 ዓለም ከምንም ሊገኝ ይችላል የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ ነገር ግን እርሱ «ምንም» ያለው ባዶ ቦታ የራሱ ኃይልና የራሱ ሕግ ያለው ነው። ሕግና ኃይል ያለው ነገር ምንም አይደለም፤ በቦታው ሌላ ተበዳሪ መጥራት ነው።

የመጀመሪያ አስገኚ አለ ማለት ግን ገና አላህን ማወቅ አይደለም፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። አንዳንዱ ተከራካሪ፥ «ይሁን፥ መነሻ አለ፤ ግን ምናልባት ዕውቀትና ፈቃድ የሌለው ኃይል ነው» ይላል። ኢማም አልገዛሊ ለዚህ ያመጡት ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘኝ ነው። የራበው ሰው በፊቱ ሁለት ተምር ቢያገኝ፥ ሁለቱም በመልክ፥ በመጠንና በቅርበት እኩል ቢሆኑ፥ አንዱን ብቻ መውሰድም ቢፈቀድለት፥ በረሃብ እስኪሞት ቆሞ ይቀራልን? አንዱን ይወስዳል። የሚለየውም ነገር ፈቃድ ነው፤ ፈቃድ ማለት ከእኩዮች መካከል አንዱን የሚለይ ባሕርይ ነውና። ድንጋይ አይመርጥም፤ እሳትም ከቀረበው ማገዶ መካከል አይመርጥም፥ ያገኘውን ያቃጥላል። ፈቃድ የሌለው ኃይል ከጥንት ጀምሮ ካለ ሥራው ሁሉ ከእርሱ ጋር ከጥንት ጀምሮ ሊኖር ይገባ ነበር። ዓለም በአንድ ጊዜ ተጀምሮ ከሆነ፥ በሌላ መልክ ሊሆን ሲቻለው በዚህ መልክ ሆኖ ከተገኘ፥ ያስገኘው የፈቀደ ነው፤ የሚፈቅድም የሚያውቅ ነው። ሰላታችንን የሚሰማ፥ መልእክተኛን የሚልክ ጌታ መሆኑን ግን ከዚህ በላይ ያለው ትምህርት፥ እርሱም ወሕይ፥ ይነግረናል።

እንግዲህ ልጁ በገበታ ላይ የጠየቀ ጊዜ አባት ምን ያድርግ? ኢማም አልገዛሊ ራሳቸው አልሙንቂዝ በተባለው መጽሐፋቸው፥ ሁለት ወር ያህል በጥርጣሬ በሽታ ተይዘው እንደ ነበር፥ የዳኑትም በማስረጃ ድርደራ ሳይሆን አላህ በልባቸው ባኖረው ብርሃን እንደ ነበር ጽፈዋል። የእስልምና ማስረጃ ተብለው የተጠሩት ኢማም ሁለት ወር ከታመሙ፥ የሃያ ዓመት ልጅ ሁለት ቀን ቢታመም ከሃዲ ተብሎ ከቤት ይባረራልን? ከገበታው አይነሣ። የብድሩን ምሳሌ ይንገረው፤ ልጁም መልስ ቢያመጣ እስከ መጨረሻው ይስማው። ያላወቀውን ነገር አላውቅም ይበል፤ በማግስቱም ሱቁን ለሁለት ሰዓት ዘግቶ፥ ይህን ትምህርት ወደሚያውቅ ዓሊም ልጁን ይዞ አብሮ ይሂድ። ወላሁ አዕለም።