የየካ ዋሻ ሚካኤልና የአጥቢያ ታሪክ አጠባበቅ

የአባቱንና የአያቱን ነገር ሳይሰማ ያደገ ሰው የርስቱን ድንበር ለመለየት እንደሚቸገር፥ የአጥቢያውን ታሪክ የማያውቅ ምእመንም የተረከበውን አደራ ለመጠበቅ ይቸገራል። ስለዚህ ዛሬ ሩቅ አገር ሳንሄድ፥ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በየካ ተራራ ላይ የሚገኘውን የዋሻ ሚካኤልን ነገር እንመለከታለን።

ስሙ ዋሻ ይባል እንጂ በተፈጥሮ የተገኘ ዋሻ አይደለም፤ የሰው እጅ ከዓለት የወቀረው ቤተ መቅደስ ነው። አሠራሩም ከሌላው ሕንፃ የተለየ ነው። ሌላው ቤት ከመሠረቱ ተጀምሮ በጣሪያው ይፈጸማል፤ እንዲህ ያለው ግን ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። አስቀድሞ ዙሪያው ይቈፈራል፤ በመካከል የቀረው ዓለት ይጠረባል፤ ከዚያም ጠራቢዎቹ በበሩ ገብተው ውስጡን ይፈለፍሉታል። ዓምድ የሚሆነውን ሳይነኩ መተው ይገባቸዋል፤ በስሕተት የተቈረሰ ዓምድ ተመልሶ አይተከልምና።

የተራራው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ለስላሳ ድንጋይ ስለ ሆነ ለመሮ ይመቻል። ነገር ግን ለመሮ የሚመች ድንጋይ ውኃንም ይጠጣል። ዝናብ ይሰርግበታል፤ የዛፍ ሥር ስንጥቁን ያሰፋዋል። የዋሻ ሚካኤል ጣሪያ ተንዶ ብዙ ዘመን ክረምት ሲፈራረቅበት ኖሯል።

ይህን መቅደስ ማን ሠራው? የአካባቢው አባቶች ከአበው ተቀብለው እንደሚተርኩት፥ የተሠራው በአራተኛው ምእት ዓመት በነገሡት በአብርሃና በአጽብሐ ዘመን ነው። አሠራሩን ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋራ ያነጻጸሩ አንዳንድ ሊቃውንት ግን ከዐሥራ ሁለተኛው ምእት ዓመት ወዲህ ያደርጉታል። ታዲያ ከሁለቱ የትኛውን ለልጆቻችን እናስተምር?

ሁለቱንም በየማዕርጋቸው እናስተምር እንላለን። ትውፊቱን ትውፊት፥ ምርመራውንም ምርመራ ብለን እንንገራቸው። ግምት የሆነውን እርግጥ ነው ብለን ብንነግረው፥ ልጁ አድጎ ሌላ ቃል ባነበበ ጊዜ እውነቱንም ጭምር ይጠራጠራል። የሽማግሌዎችን ቃል ተረት ነው ብለን ብንንቅ ደግሞ በደለኞች እንሆናለን፤ መቅደሱ ፈርሶ ሳለ ስፍራው ቅዱስ መሆኑ እንዳይረሳ ያደረገው ይኸው ቃል ነውና።

የትውፊትን ኀይል ከእንጦጦም እንማራለን። ዐፄ ምኒልክ እንጦጦን መናገሻ ሲያደርጉ፥ ስፍራው የቀድሞው የዐፄ ዳዊት ከተማ ነበረ የሚለው ትውፊት እንደ ሳባቸው ይነገራል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። እንግዲህ የጥንት ፍርስራሽ ወሬ ለአዲስ ከተማ መነሻ ሊሆን እንደሚችል እናያለን።

በሌላውም ዓለም እንዲህ ያለ አጥቢያ አለ። በዌልስ አገር ኬርዌንት በምትባል መንደር የሮማውያን ከተማ ቅጥር እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል፤ የመንደሩም ቤተ ክርስቲያን በቅጥሩ ውስጥ ናት። በሮማይስጥ ቋንቋ የተጻፈበት የጥንት ድንጋይ በደጃፏ ተጠብቆ ይኖራል። እነርሱ ጽሕፈቱን አንብበው ድንጋዩን ማን እንዳቆመው ያውቃሉ። የዋሻ ሚካኤልን የወቀሩት ግን ስማቸውን ከእኛ ሰውረው፥ ሥራቸውን ብቻ ትተውልናል። ስለዚህ የእኛ ጥንቃቄ ከእነርሱ ሊበልጥ ይገባል።

ጥንቃቄውም ይህ ነው። ከፍርስራሹ ድንጋይ አንሥቶ መውሰድ አይገባም፤ የወደቀው ድንጋይ በወደቀበት ስፍራ ለመርማሪ ምስክር ነው። ለማደስ ቸኩሎ ያለ ባለሙያ ምክር ሲሚንቶ መለሰን አይገባም፤ ለስላሳውን ድንጋይ ሊጐዳው ይችላልና። የአጥቢያው ሽማግሌዎች የሚተርኩትንም፥ ማን እንደ ተናገረውና መቼ እንደ ተነገረ ገልጦ መጻፍ ይገባል፤ ሽማግሌ ሲሞት ያልተጻፈው ቃል አብሮት ይቀበራል።

ኢያሱ ከዮርዳኖስ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አስወጥቶ ያቆመው፥ ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፥ አባቶችም እንዲመልሱ ነበር። የእኛም ልጆች ወደ የካ ተራራ ወጥተው ይህ ድንጋይ ምንድር ነው ብለው በጠየቁን ጊዜ፥ ድንጋዩ በስፍራው፥ መልሱም በአፋችን ይገኝ ዘንድ ከዛሬ ጀምረን እንትጋ።